የክርስትናው ቀን ሀብት የትኛው ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

በግእዝ «ወሀበ» ማለት ሰጠ ማለት ነው። «ሀብት» የሚለው ቃል የሚወጣውም ከዚሁ ግስ ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙም ስጦታ ነው። አማርኛችን ቃሉን ተቀብሎ ለቤቱ፣ ለከብቱና ለባንክ ደብተሩ ሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ግን የጥንቱን ትርጉም አልለቀቀችም፤ በጥምቀት የሚገኘውን ልጅነት እስከ ዛሬ «ሀብተ ወልድ» ትለዋለች። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚቀበሉት ይህንን ሀብት ነው። በዚያው ዕለት ደግሞ በየቤቱ የሌላኛው ሀብት ሥራ ይደራል፤ በጉ፣ ድንኳኑ፣ ኬኩ፣ ቪዲዮው። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲጋፉ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የሚለቀው የመጀመሪያው ነው። የምንጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ስለሚፈጸመው ክርስትና ነው፤ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አንባቢዎች የራሳቸውን ልማድ ከዚህ ጋር ሊያነጻጽሩት ይችላሉ።

መጋፋቱ የሚጀምረው ከቀን ቆጠራው ነው። ቆጠራው የተወለደበትን ቀን አንድ ብሎ ይነሣል። ለዚህ ጥሩ መለኪያው የጌታ በዓል ነው፤ ልደቱን ታኅሣሥ 29 አክብረን ወደ ቤተ መቅደስ የገባበትን የስምዖንን በዓል የካቲት 8 እናከብራለን። የታኅሣሥ ሁለት ቀን፣ የጥር 30 ቀን፣ የየካቲት ስምንት ቀን ሲደመር ልክ 40 ይሆናል። ስለዚህ መስከረም 1 የተወለደ ወንድ ልጅ ጥቅምት 10፣ በዚሁ ቀን የተወለደች ሴት ልጅ ኅዳር 20 ክርስትና ይነሣሉ። በክረምት መጨረሻ ለሚወለዱት ጳጉሜን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ነሐሴ 1 የተወለደ ወንድ 40ኛ ቀኑ መስከረም 5 ነው፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ግን መስከረም 4። የሐኪም ቤቱን ወረቀት ይዘው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚቆጥሩ ወላጆችም አንድ ሁለት ቀን ይስታሉ፤ ወሮቹ እኩል ስላልሆኑ ነው።

ይህ ስሕተት በካህኑ ይታረማል። የማይታረመው አውቆ የሚደረገው ነው። 40ኛው ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ብዙ ቤተሰብ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዛውረዋል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ዘመድ ሥራ ላይ ነው» ይባላል፤ ከዚህ በስተጀርባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሥጋው ነው፤ በጾም ቀን በግ አይታረድማ። የጥቂት ቀን መዛወር ቀላል ሊመስል ይችላል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ይከፋል። ጾሙ 55 ቀን ነው። 40ኛው ቀኑ በጾሙ መግቢያ ላይ የዋለ ሕፃን «ለፋሲካ እናድርገው» ከተባለ የሚጠመቀው በ95ኛው ቀኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጾም ክርስትና ማንሣትን አልከለከለችም፤ የማይነሣው በሰሙነ ሕማማት ብቻ ነው። ልዩነቱ በቅዳሴው ሰዓት ላይ ነው፤ በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሄድ ክርስትናውም አብሮት ይሄዳል። ጠያቂው ሹሮና ምስር ወጥ ቢበላ የሚጎድል ነገር የለም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ጋ መዘግየቱ ሌላ መልክ አለው። አዳራሽ እስኪገኝ፣ አያት ቪዛ እስኪመታላት፣ የበጋ ዕረፍት እስኪደርስ ይጠበቃል። በአገር ቤት ደግሞ ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ገንዘብ የሚልክ አጎት ይጠበቃል። የዕቁብ ዕጣ እስኪወጣ የሚጠብቅም አለ። በዚህ መካከል ሕፃኑ ቢታመምስ? ለታመመ ሕፃን 40 እና 80 ቀኑም አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ካህን ተጠርቶ ይጠመቃል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሳይጠመቅ ላረፈ ፍትሐት እንደማይደረግ የሚሰማው ከዘገየ በኋላ ነው። የትኛውም ድግስ ይህን ያህል አደጋ የሚያስከፍል አይደለም።

«አብርሃምም ደግሷል» የሚል መልስ እንሰማለን። እውነት ነው፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ይስሐቅ ጡት በተወ ቀን አብርሃም ትልቅ ግብዣ እንዳደረገ ይናገራል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ከግብዣው በፊት ያለውን ማንበብ ይገባል። አብርሃም ልጁን የገረዘው በስምንተኛው ቀን ነው፤ እንደታዘዘው፣ ሳያሳድር። ግብዣው የመጣው ልጁ ጡት ሲተው፣ ቤቱም ሲመቸው ነው። ቃል ኪዳኑ ቀኑን ጠበቀ፤ ድግሱ ደግሞ ጊዜውን። የእኛም ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ክርስትናውን በቀኑ አንሡ፣ ድግሱን አቅም ባገኛችሁ ጊዜ አድርጉት፤ ለልደቱ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቀን ማሰር ግዴታ መስሎን የቆየነው በልማድ ብቻ ነው።

እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ቤተ መቅደስ በገባች ጊዜ ስላቀረበችው መሥዋዕትም ሉቃስ በምዕራፍ 2 ጽፎልናል፤ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 መሠረት ይህ የበግ ጠቦት መግዣ ለሌላት እናት የተፈቀደ የድሃ መሥዋዕት ነው። የ40 ቀናችን መነሻ በሆነው በዚያ ቀን በግ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ዕለቱ ሥርዓት እንምጣ፤ ሰው ሀብቱን የሚንቀው አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደተሰጠው ሳያውቅ ነውና። መጽሐፈ ክርስትና በሚነበብበት ጊዜ ሕፃኑን የሚያነሣው ሰው መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ በሕፃኑ ምትክ «እክህደከ ሰይጣን» ይላል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ እንደሚያምን ይመሰክራል። ውኃው ይባረካል፤ ሕፃኑ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ይጠመቃል። ከውኃው ሲወጣ 36ቱ ሕዋሳቱ ሜሮን ይቀባሉ፤ ግንባሩ፣ ዓይኖቹ፣ ጆሮዎቹ እያለ እስከ እግሩ ይወርዳል። ይህ የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ነው። ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ በሦስት ፈትል የተገመደው ማዕተብ በአንገቱ ይታሰራል፤ ስመ ክርስትናውም ይሰጠዋል። በመጨረሻ ቅዳሴው ላይ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። በአንድ ማለዳ ከሰባቱ ምሥጢራት ሦስቱን ተቀበለ ማለት ነው፤ ጥምቀትን፣ ሜሮንን፣ ቁርባንን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይደገሙም። ትዳር፣ ሥራ፣ ቤት ሁሉ በሕይወት ዘመን ሊደገም የሚችል ነው።

ታዲያ በዚህ ማለዳ ምን ይበላሻል? ዋናው መዘግየት ነው። በብዙ አጥቢያ በእሑድ ቀን ክርስትናው ከቅዳሴው በፊት ስለሚፈጸም ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ መድረስ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ግን ፎቶ አንሺው ቤት መጥቶ «ዝግጅቱን» እስኪቀርጽ ይቆያል፤ የእናትየዋ ጸጉር እስኪሠራ ይቆያል። ሲደርሱ ጸሎቱ ተጀምሯል፤ የክርስትና አባቱ የሚመልሰውን አያውቅም፤ ካህኑ ቃል በቃል እያስባለው በጥድፊያ ያልፋል። ሁለተኛው የቪዲዮው ነገር ነው። ሁለት ሦስት ካሜራ መጠመቂያውን ከብቦ፣ ካህኑ ክርኑን ማዘዋወሪያ አጥቶ፣ ሕፃኑ በመብራቱ ተደናግጦ ሲያለቅስ የሚታይበት አጥቢያ ጥቂት አይደለም። ለዚህ የደብሩ አስተዳደርም ይጠየቅበታል። አንድ ቀራጭ፣ ያለ መብራት፣ ከካህኑ ኋላ ራቅ ብሎ ቢቆም ይበቃል፤ ብዙ ደብሮች ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ሊጽፉት ይችላሉ።

በእጅ መያዝ ያለበት ጥቂት ነው። ማዕተብ፣ ያልተለበሰ ነጭ ልብስ፣ ሕፃኑ ከውኃ ሲወጣ የሚታቀፍበት ንጹሕ ፎጣ፣ ጧፍ። ስመ ክርስትናው ቀደም ብሎ ከንስሐ አባት ጋር ቢታሰብበት መልካም ነው። ሕፃኑ ሳይቆርብ ጡት አይጠባም፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከለከል ካህኑን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ቆርቦ ቤት ሲገባ ደግሞ ጠያቂው ሁሉ እየተቀባበለ አፉን እንዳይስመው፣ በዕለቱም ገላው እንዳይታጠብ ካህናት ያሳስባሉ። ድግስ በበዛበት ቤት ግን ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ውሎ ማታ ትኩሳት ይዞት ያድራል፤ ይህ እንኳ የመንፈሳዊ ነገር ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ጨርሶ የምትረሳው እናትየዋ ናት። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ቆይታ የምትመለስበት ቀን ነው። ንስሐ ከገባችና ካህኑ ከፈቀደላት ከልጇ ጋር ልትቆርብ ትችላለች። ለዚህ 18 ሰዓት መጾም ይጠበቅባታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ድግስ ያለባት እናት ግን ቅዳሜ ማታ የት ናት? ጓዳ ውስጥ፣ ቁሌቱ ላይ። ወጡ ጨው አነሰው አልነሰው ሲባል የምትቀምሰው እሷ ናት። አንዲት ማንኪያ ወጥ ቅዱስ ቁርባኑን አስቀረባት። ሌሊቱን ሳትተኛ አንግታ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ «እንግዳ ይመጣል» ብላ ትወጣለች። አባትየውም ከመኪናና ከጀሪካን ጋር ሲሯሯጥ ነው የሚያነጋው። በዚያ ቤት ከቆረበው ይልቅ ለመቁረብ ዕድል ኖሮት ያልቆረበው ይበዛል። ወጥ ቀማሽ ማድረግ ካስፈለገ የጎረቤት ሴት መጠየቅ ነው፤ ለእናትየዋ ግን ያን ቀን ጓዳውን መከልከል ለልጇ ከሚደረግ ማናቸውም ስጦታ ይበልጣል።

ስለ ክርስትና አባትና ስለ ክርስትና እናት ጥቂት እንበል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ያነሣል። የመረጣው መለኪያ ዛሬ ዛሬ ኪስ ሆኗል፤ «ወርቅ ያደርግለታል»፣ «ትምህርት ቤት ይከፍልለታል»፣ «ወደ ውጭ ይወስደዋል»። ከባለጠጋ ጋር አበልጅ መሆን ማኅበራዊ ዋስትና መስሎ ይታያል። የዚህ ሰው ሥራ ግን ሌላ ነው። በሕፃኑ ስም የካደውንና ያመነውን፣ ልጁ አፍ ሲፈታ ሊያስተምረው ቃል የገባ ነው። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ ይላል ወይ? ንስሐ አባት አለው ወይ? ልጁ ካለበት ከተማ ይኖራል ወይ? በሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በዓመት አንድ ጊዜ ልብስ የሚልክ ሰው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ሊያስጠና አይችልም። ደግሞም በሁለቱ ቤተሰብ መካከል መንፈሳዊ ዝምድና ስለሚመሠረት የእሱ ልጆችና የክርስትና ልጁ አይጋቡም፤ ይህን ሳይነጋገሩ ጎረቤት ለጎረቤት አበልጅ ሆነው ከ25 ዓመት በኋላ የሚደናገጡ አሉ። ስጦታ መስጠት የሚወድ የክርስትና አባት ካለ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ጠዋት ሕፃኑን ከእናቱ ጋር ለቅዳሴ በመኪናው ያድርሰው። ያለ ማጋነን ከወርቅ ሐብሉ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ይህን የምንለው ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከዚያ ቀን በኋላ ስለሆነ ነው። ሕፃናት እስከ 7 ዓመታቸው ንስሐ ሳያስፈልጋቸው ይቆርባሉ። በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ቢሆን ከ80 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ብዙው ልጅ ግን በክርስትናው ዕለት አንድ ጊዜ ይቆርብና የሚቀጥለውን ለተክሊሉ፣ አለዚያም ለእርጅናው ይጠብቃል። ቪዲዮው ለእንግዳ ሁሉ ይከፈታል፤ በቪዲዮው ላይ የሚታየው ጽዋ ግን በየሳምንቱ ከቤቱ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ክፍያ የለውም። ምናልባት ክፍያ ስለሌለው ይሆን እንዴ የተናቀው? ለገንዘብ ዓይን ነፃ የሆነ ነገር ርካሽ ይመስላልና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ይህን በሚገባ የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። አንደኛው ሲሞን ነው፤ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ ለሐዋርያት ገንዘብ አቀረበ፤ ጴጥሮስም ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ አለው። ሁለተኛው የእኛው ሰው ነው፤ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ። ግምጃ ቤቱ በእጁ ነበር። ግን በመንገድ ዳር ውኃ ባየ ጊዜ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሠረገላው ቆመ፣ ወረደ፣ ተጠመቀ፣ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። የአገሪቱን ሒሳብ የሚይዝ ሹም ድግስ ማዘጋጀት አቅቶት እንዳልነበር ግልጽ ነው።

ለመሆኑ ድግስ ጨርሶ ይቅር ማለታችን ነው? አይደለም። ዘመድ የሚታረቀው፣ ልጅ ከአያቱ ጋር የሚተዋወቀው በዚያ ነው። መጠኑ ግን ቅዳሴው ላይ በተገኘው ሰው ልክ ቢሆን ብዙ ነገር ይቀላል። ለ30 ሰው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዱቄት የሚጋገር ድፎ ዳቦ ሁለት፣ ለንፍሮ 3 ኪሎ ስንዴና 1 ኪሎ ሽንብራ፣ ከ20 ሊትር የማይበልጥ ጠላ፣ ሻይና ቡና። ንፍሮው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድር፤ ሽንብራው ከስንዴው ጋር አንድ ላይ አይጣድ፤ አብሳሉ ስለሚለያይ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ይቀራል። ሳህን፣ ወንበርና ድንኳን ዕድሩ አለው፤ ኪራይ የሚያስከፍል ነገር የለም። ጓዳውን ባዕድ ወይም ጎረቤት ይያዘው። ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ ተብሎ የታዘዘውን ለማክበር ደግሞ ቀላሉ መንገድ ከድፎው አንዱን ሙሉውን፣ ሳይቆረስ፣ እንግዳ ሳይገባ በፊት በደጀ ሰላም ላሉት ነዳያን ማድረስ ነው። የተረፈውን እንሰጣለን ካሉ አይተርፍም፤ ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ገንዘብ የተረፈው ቤተሰብ በዚያው ቀን ለሚጠመቅ የችግረኛ ልጅ ነጭ ልብስና ማዕተብ ቢገዛ ካህኑ ማን እንደሆነ ይነግረዋል።

በብድር የሚደገስ ድግስ ግን በምንም መንገድ አይደገፍም። ሕፃኑ ገና ጥርስ ሳያወጣ ቤቱ ዕዳ ሲከፍል፣ እናትየዋ የወሊድ ዕረፍቷ ሳያልቅ ወደ ሥራ ስትመለስ፣ የጡቷ ወተት ሲቀንስ አላየንም ብንል ሐሰት ነው። ይህ በየሰፈሩ ያለ ነው።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ጥቃቅን ግን ብዙ የሚያስቸግር ነገር እናስታውሳለን። ስመ ክርስትና ይጠፋል። ገብረ ማርያም ነበር ወይስ ገብረ ሚካኤል እየተባለ አያት የሚጠየቅበት፣ አያትም ካረፈች መልስ የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። ይህ ስም በንስሐ፣ በቁርባን፣ በቀንዲል (ለታመመ በሚደረገው ቅብዓት)፣ በተክሊል፣ በፍትሐት ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ በዚያው ዕለት፣ እንግዳ ሳይገባ፣ በሦስት ቦታ ይጻፍ፤ በደብሩ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ የክርስትና ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ፣ በቤት ባለው መጽሐፍ ቅዱስ የሽፋኑ ውስጥ ገጽ ላይ፣ እንዲሁም በክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ዘንድ። አብረው መጻፍ ያለባቸው የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን፣ የደብሩ ስም፣ ያጠመቀው ካህን ስም፣ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም ከነስመ ክርስትናቸው ናቸው። ምስክር ወረቀቱን ሳይቀበሉ ለድግሱ የሚቸኩሉ ወላጆች ለተክሊል ሲጠየቁ ተመልሰው መዝገብ ያስፈትሻሉ፤ ቀኑን በትክክል ካላስታወሱ ደግሞ ጸሐፊው የዓመቱን መዝገብ ገጽ በገጽ ማገላበጥ አለበት። የደብር ጽሕፈት ቤቶች ምስክር ወረቀቱን በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠርተው ቢሰጡ፣ «ሰኞ ኑ» ማለቱንም ቢተዉ፣ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ አንባቢዎቻችሁ
ከአዲስ አበባ